የዓሣ ክር መጠቅለያ ስትገዙ ሣጥኑን አንብቡ

ነገሩ የሆነው ቆቦ ገበያ ላይ ነው። ሸቀጡን መሬት ላይ ዘርግቶ የሚሸጥ አንድ ወጣት ነበር። ከባትሪና ከምላጭ መካከል አንድ የሚያብረቀርቅ ዕቃ አስቀምጧል። ዕቃው እጀታ አለው። ሲዞር ጢር ጢር ይላል። አንድ ሽማግሌ ቆም ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? የቡና መፍጫ ነው?»

«አይ አባቴ፣ የዓሣ ማጥመጃ ነው። ክር ይጠቀልላል። አሸንጌ ወስደው ቢጥሉት ዓሣውን ራሱ ይዞልዎት ይመጣል።»

«ራሱ ከመጣማ እኔ ምን አስኬደኝ?» አሉና ስቀው አለፉ።

ከኋላቸው የቆመው ጎልማሳ ግን አልሳቀም። የማሽላውን ገንዘብ ከኪሱ አውጥቶ ገዛው። ለልጆቹ ደብተር መግዣ ያሰበው ገንዘብ ነበር። ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን አላነበበም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳገኘው እጀታው ተሰብሯል። ክሩም እንደ ወፍ ጎጆ ተተብትቧል። አንድም ዓሣ አልያዘም።

ይህ ሰው ማንበብ የማይችል ሰው አይደለም። ቁጥርም ያውቃል። ነገር ግን በሣጥኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች ምን እንደሚሉ የነገረው አልነበረም። እኛ እንንገራችሁ።

አስቀድመን ግን አንድ ጥያቄ እንመልስ። የቆቦ ገበሬ ከዓሣ ጋር ምን አገናኘው? እርግጥ ነው፣ ቆቦ ሐይቅ የላትም። ጎሊና፣ ሆርማትና አላ ውሃ ከምዕራቡ ተራራ ሲወርዱ ጎርፋቸው ለማሽላው ማሳ እንጂ ለመንጠቆ አይመችም። ነገር ግን በስተሰሜን አላማጣን አልፎ፣ የግራ ካሕሱን ዳገት ወጥቶ፣ ከኮረም ወዲያ የአሸንጌ ሐይቅ አለ። በስተደቡብ ደግሞ ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ የሐይቅ ከተማና ሐይቁ ይገኛሉ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ከቆላው የሚሄድ ወጣት ብዙ ነው። ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ እጅ ሥራ ይፈታል። ዓሣውም ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ምግብ ነው። (በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች እንተወው።)

በእነዚህ ሐይቆች ምን ዓይነት ዓሣ አለ? በብዛት የሚያዘው ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ ጠፍጣፋ፣ ጀርባው እሾህ ያለው፣ ሥጋው የሚጣፍጥ ዓሣ ነው። በሐይቅ የተጨመረው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ከዚያ በፊት በዚያ አልነበረም። ካርፕ የሚባለውም አለ። በሐይቅ ደግሞ አምባዛ አለ። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ አፉ ሰፊ ነው፤ እንደ ድመት ጢም አለው። ይህን ማወቅ ለምን ያስፈልጋል? ዕቃው የሚመረጠው በዓሣው ልክ ስለሆነ ነው። በጫሞ ሐይቅ እንደሚገኘው ነጭ ዓሣ እንደ ሰው የሚከብድ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ጠንካራ መጠቅለያ ያስፈልገዋል። ግማሽ ኪሎ ለሚመዝን ቆሮሶ ግን እንዲህ ያለ ዕቃ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዕቃው እንመለስ። መጠቅለያው እንዴት ይሠራል? እንዝርት አስቡ። ጥጥ የሚፈትሉ እናቶች ፈትሉን ከእንዝርቱ ሲያወጡ እንዝርቱን ማዞር አያስፈልጋቸውም። በጫፉ በኩል ቢስቡት ፈትሉ እየተፈታ ይወጣል። ይህን ያስተዋለ አልፍሬድ ኢሊንግዎርዝ የሚባል እንግሊዛዊ ነበረ። ሰውየው የሱፍ ፋብሪካ ሰው ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1905 ዓሣ ማጥመጃውን በዚሁ ዘዴ ሠርቶ ስሙን አስመዘገበ። ክር የተጠቀለለበት እንዝርት አይዞርም። መንጠቆውን ስትወረውሩ ክሩ በጫፉ በኩል ይወጣል። ስትመልሱ ደግሞ አንዲት የሽቦ ቅስት በእንዝርቱ ዙሪያ እየዞረች ትጠቀልለዋለች። ዛሬ በገበያ የሚታየው አብዛኛው መጠቅለያ የዚህ ዓይነት ነው።

እንዝርቱ ራሱ የሚሽከረከር ሌላ ዓይነትም አለ። አሜሪካኖች ባስ የሚሉትን ዓሣ ለማጥመድ በጣም ይወዱታል። እሱን ተዉት። ልምድ ለሌለው ሰው ክሩ ወዲያው ይተበተባል፤ ዋጋውም ውድ ነው።

እንግዲህ ሣጥኑን እናንብብ። በመጀመሪያ 1000፣ 2000፣ 3000፣ 4000 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ይህ ዋጋ አይደለም፤ ኪሎም አይደለም። የዕቃው ትልቅነት ነው። ለቆሮሶ 2000 ይበቃል። አምባዛም ለማጥመድ የሚያስብ 3000 ይውሰድ። ከዚያ በላይ ያለው ለእጅ ይከብዳል፤ ብርም ይበላል።

ቀጥሎ 5.2:1 የሚመስል ጽሑፍ አለ። ይህ ማለት እጀታውን 1 ጊዜ ስታዞሩ የሽቦዋ ቅስት 5 ጊዜ ከጥቂት ትዞራለች ማለት ነው። ቁጥሩ ሲበዛ ክሩ ቶሎ ይጠቀለላል፤ ኃይሉ ግን ይቀንሳል። ለእኛ 5 ገደማ ጥሩ ነው።

ከዚያም 0.30/150 ተብሎ ይጻፋል። የመጀመሪያው ቁጥር የክሩ ውፍረት ነው። ዜሮ ነጥብ ሠላሳ ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ሁለተኛው ስንት ሜትር ክር እንደሚይዝ ይናገራል። ስለዚህ ያ መጠቅለያ ውፍረቱ 0.30 የሆነ ክር 150 ሜትር ይይዛል።

ሻጮች በጣም የሚያወድሱት ደግሞ ሌላ ቁጥር አለ። ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ «ቢ ቢ» የሚል፣ ከ10 ወይም ከ13 ጋር ይጻፋል። የኩሽኔት ብዛት ነው። ኩሽኔት በጋሪ ጎማ ውስጥ ያለው ዓይነት ነው፤ ዕቃው ሳይፋቅ እንዲዞር ያደርጋል። አሥራ ሦስት ሲባል ሰው ይደነቃል። ግን ጥሩ የሆኑ 3 ወይም 4 ኩሽኔቶች ከመጥፎ 13 ይሻላሉ። በርካሽ ዕቃ ላይ ትልቅ ቁጥር ካያችሁ ሌላ ነገር ላይ ቆጥበዋል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ከማንበቡ በኋላ መፈተን ነው። ሻጩ ቢቸኩል እናንተ አትቸኩሉ። እጀታውን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ጥርሶቹ ሲፋጩ አሸዋ እንዳለበት ወፍጮ ካንጎራጎሩ አትግዙ። እጀታውን ወደ ጎን ወዝውዙት፤ ብዙ ከተነቃነቀ ቶሎ ይሰበራል። የሽቦዋን ቅስት ክፈቱና እጀታውን አዙሩ፤ ሞላዋ ጠንካራ ከሆነ ጠቅ ብላ ትዘጋለች። ክሩ የሚያልፍበት ትንሽ ጎማ አለ። በጣታችሁ ነካ ስታደርጉት መዞር አለበት። የማይዞር ከሆነ ክሩን እየፋቀ ይበጥሰዋል። ዘንጉ ላይ የሚታሰርበት እግሩ ፕላስቲክ ነው ወይስ ብረት? ብረት ቢሆን ይመረጣል።

ዋናው ነገር ፍሬኑ ነው። ከፊት ለፊቱ የሚዞር ነገር አለ። ስታጠብቁት ክሩ አይወጣም፤ ስታላሉት ይወጣል። ለምን ይጠቅማል? ትልቅ ዓሣ ሲይዝ ይሮጣል። ክሩ ከጠበቀ ይበጠሳል። ፍሬኑ ትንሽ ከላላ ግን ዓሣው ክሩን እየጎተተ ይደክማል፤ ጥጃ በገመድ ታስሮ ሮጦ ሮጦ እንደሚደክም ነው። ልኩ የክሩ ኃይል አንድ ሦስተኛ ነው። 6 ኪሎ የሚችል ክር ከሆነ ፍሬኑ በ2 ኪሎ መልቀቅ አለበት። ሚዛን የለኝም አትበሉ። 2 ሊትር ውሃ 2 ኪሎ ነው። ባለ 2 ሊትር ባዶ ሃይላንድ ውሃ ሞልታችሁ ክሩ ላይ አንጠልጥሉ። ክሩ ቀስ እያለ ከወጣ ልክ ነው። ዘሎ ዘሎ፣ ቆሞ ቆሞ የሚወጣ ከሆነ ፍሬኑ መጥፎ ነው፤ ለሻጩ መልሱለት።

ይህን ሁሉ አልፎ የሚገኝ ርካሽ መጠቅለያ ጥቂት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ገንዘቡ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ መጠቅለያውን ተዉት። ዓሣ የሚይዘው መንጠቆውና ክሩ ነው። መጠቅለያው ክር ማስቀመጫ ነው። ሦስት አራት ጓደኛሞች በዕቁብ አንድ ደህና መጠቅለያ ቢገዙ ነገሩ ሌላ ነው። ብቻውን የሚገዛ ሰው ግን ምን ያድርግ?

ባዶ ሃይላንድ ወይም ለስላሳ ጣሳ ይውሰድ። ክሩን አንዱን ጫፍ አጥብቆ ይሰር። ከዚያ እርስ በርሱ ሳይደራረብ ጎን ለጎን ይጠቅልለው። ሊወረውር ሲል የጣሳውን ቂጥ ወደ ውሃው ያዙር። መንጠቆው ሲበር ክሩ በጫፉ በኩል ይፈታል። ልብ በሉ፤ ይህ ያ እንግሊዛዊ የሠራው ዘዴ ራሱ ነው! እጀታና ጥርስ የለውም፤ ስለዚህ የሚሰበርም የለም። ከዳር ሆኖ 15 ወይም 20 ሜትር ያህል መወርወር ይቻላል፤ ለቆሮሶ ይህ በቂ ነው። አንድ ነገር ግን አትርሱ። ክሩን በጣታችሁ ወይም በእጃችሁ አንጓ ላይ አትጠምጥሙ። አምባዛ ሲጎትት ናይለን እንደ ምላጭ ይቆርጣል።

ከመጠቅለያው የተረፈውን ገንዘብ ክር ላይ አውሉት። ለቆሮሶ 0.30 ውፍረት ያለው ናይለን፣ ለአምባዛ 0.50 ግዙ። ናይለንን ፀሐይ ይገድለዋል። ሻጩ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ያሰጣውን የላይኛውን አትውሰዱ፤ ከሥር ያለውን አምጣ በሉት። ጥቂት ሜትር ፈታችሁ በሁለት ጣት መካከል አሳልፉት። ሻካራ ወይም የተጣመመ ቦታ ካለው ይቅር። ቤት ወስዳችሁ ደግሞ ፈትኑት። ክሩን ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ ናይለን ሲረጥብ ትንሽ ይደክማልና። ከዚያ ቋጥራችሁ 5 ሊትር ውሃ ያለበት ጀሪካን አንሡበት። ደህና የ0.30 ክር ይህን ይችላል። የ0.50 ክር 10 ሊትር ማንሣት አለበት።

ሲበጠስ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ከቋጠሮው ላይ ነው። ስለዚህ አቋጣጠሩን ተማሩ። ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፉ። ጫፉን በዋናው ክር ላይ 5 ጊዜ ጠምጥሙ። ጫፉን ወደ ኋላ መልሳችሁ ከመንጠቆው አጠገብ ባለችው ቀለበት አስገቡ። በምራቅ አርጥቡት። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ደረቁን ከሳባችሁት ይሞቅና ይደክማል።

የመንጠቆ ቁጥር ሰውን ያሳስታል። ከ1 በላይ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። ቁጥር 10 ከቁጥር 6 ያንሳል። በአጠገቡ ዜሮ ሲኖር ግን፣ ለምሳሌ 1/0፣ 2/0፣ 3/0፣ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆውም ይተልቃል። ለቆሮሶ ትንሽ አፍ ቁጥር 8 ጥሩ ነው። ለአምባዛ 1/0 ወይም 2/0 ይሆናል። ሹልነቱን በጥፍራችሁ ፈትኑት፤ ጥፍር ላይ ከተንሸራተተ ደንዝዟል።

ቀሪው ከቤት ይገኛል። ዘንጉ ሸምበቆ ነው። ተንሳፋፊው የደረቀ የማሽላ አገዳ ቁራጭ ወይም ቡሽ ነው። ማስጠሚያው አሮጌ ዳዶ ነው። ለቆሮሶ ሊጥ ወይም የመሬት ትል፣ ለአምባዛ የዓሣ ሆድ ዕቃ ስቀሉ።

መንጠቆ ከመረብ የሚሻልበት አንድ ነገር አለ። ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ጫጩቱንም እናቱንም ጠራርጎ ያወጣል። የቆሮሶ እናት ደግሞ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድገው። በመንጠቆ ስትይዟት አፏን እዩ። ጫጩት ካለ እጃችሁን አርጥባችሁ መንጠቆውን ንቀሉና ልቀቋት። አንዷን እናት መልቀቅ ለሚቀጥለው ዓመት ብዙ ዓሣ ማስቀመጥ ነው። ዓሣ ማጥመድ የራሱ ሕግ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 315/1995 ስለዚሁ የወጣ ነው። ለሽያጭ የምታጠምዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ሐይቁ ያለበትን ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

መጠቅለያ ያላችሁ ደግሞ ከአቧራ ጠብቁት። የራያ ሜዳ አቧራ ጥርሱን ይበላዋል። በጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። አልፎ አልፎ የስፌት መኪና ዘይት ሁለት ጠብታ ጠብ አድርጉበት። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ ይረጋና ያጣብቃል። የተቆራረጠ ናይለንም ሐይቁ ዳር አትጣሉ። የወፍና የከብት እግር ይጠልፋል፤ አይበሰብስምም።

ያ ጎልማሳ በቀደም መጥቶ ነበር። የተሰበረውን ዕቃ ጥሎ ክሩን ፈትቶ ሃይላንድ ላይ ጠቅልሎታል። የተተበተበውን ለመፍታት ሚስቱና ሁለት ልጆቹ አንድ ምሽት ሙሉ ፈጅተዋል። መንጠቆ ቁጥር 8፣ አምስት ፍሬ ገዝቷል። ሣጥኑን ራሱ አንብቦ ነው የገዛው።