የወንድ ነፍሳት ዘር ፈሳሽ ስለሚሸከማቸው ፕሮቲኖች

በጠጅ ብርሌ አፍ ላይ የምታንዣብበውን፥ በሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራም በጠርሙስ የምትረባውን ትንሽ የፍራፍሬ ዝንብ የማያውቅ አንባቢ አይኖርም። ገና ወንድ ያልደረሰባትን አንዲት ሴት ዝንብ ለብቻዋ ብንጠብቃት የምትጥለው እንቁላል ጥቂት ነው፤ ወንድ ቢቀርባትም ብዙ ሳትግደረደር ትቀበለዋለች። ካንድ ተራክቦ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እንቁላሏ ይበዛል፥ የሚቀርባትንም ወንድ እንቁላል መጣያ ብልቷን እያወጣች ትከለክለዋለች።

የወንዱ ፈሳሽ ለዘር ሕዋሶች መጓጓዣ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ቀላል ነው፤ እኛም በመጀመሪያ ያሰብነው ይኸንኑ ነበር። ዳሩ ግን የወንዱ ዕጢዎች ከ200 በላይ የሆኑ ፕሮቲኖችን ከዘሩ ጋር ወደ ሴቲቱ ይልካሉ። ከነዚህ ይበልጥ የታወቀው ሴክስ ፔፕታይድ የተባለው፥ 36 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት አጭር ሰንሰለት ነው። በዙሪክ የሚሠሩ ሊቃውንት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1988 እንደ ገለጹት፥ ይኸው ነገር ወንድ ባልደረሰባት ዝንብ ሰውነት ውስጥ በመርፌ ሲሰጥ ዝንቢቱ እንደ ተገናኘች ሆነች፤ እንቁላል ጣለች፥ ወንድም ከለከለች።

የአሠራሩ ብልሃት ያስደንቃል። የፔፕታይዱ አንደኛው ጫፍ ከዘር ሕዋሱ ጅራት ጋር ይጣበቃል፤ ሴቲቱ ዘሩን በማከማቻዋ ይዛ ሳለች ሌላው ጫፍ በጥቂት በጥቂቱ እየተቆረጠ ይለቀቃል። መልእክቱን የሚቀበለው የሴቲቱ ፕሮቲን በ2008 ታውቋል። ስለዚህ ለውጡ አንድ ሳምንትና ከዚያም በላይ ይቆያል፤ የዘር ሕዋስ ከሌለው ወንድ ጋር ከተገናኘች ግን ካንድ ወይም ከሁለት ቀን ብዙ አያልፍም።

እስከዚህ ድረስ ለሁለቱም የሚበጅ ይመስላል። ነገር ግን ትሬሲ ቻፕማንና ባልደረቦቻቸው በ1995 እንዳሳዩት፥ ይኸን የዕጢ ፈሳሽ ደጋግመው የተቀበሉ ሴቶች ዕድሜያቸው ያጥራል። ለወንዱ የሚጠቅመው እንቁላሉ ዛሬ እንዲጣል ነው፤ ነገ ከሌላ ወንድ የምትወልደው አይመለከተውም። እርሷ ግን ለነገም መኖር አለባት።

አሜሪካዊው ዊሊያም ራይስ በ1996 ባወጡት ሙከራ፥ ወንዶቹ በየትውልዱ እንዲለወጡ ተዉአቸው፤ ሴቶቹን ግን ሁልጊዜ ካልተለወጠ መንጋ እያመጡ አቀረቡላቸው። ከ30 ትውልድ በላይ ሲያልፍ ወንዶቹ በፉክክር በረቱ፤ ከነሱ ጋር የተገናኙትም ሴቶች ይበልጥ ሞቱ። እንግዲህ በተፈጥሮ ይኸ የማይደርሰው ሴቶቹም በበኩላቸው መከላከያ ስለሚያበጁ ነው ማለት ነው። ከነዚህ ፕሮቲኖች ብዙዎቹ፥ እንቁላሉ ከሚበስልበት ዕጢ እንዲወጣ የሚያደርገው ኦቩሊን ጭምር፥ በቅርብ ዘመዳሞች ዝርያዎች መካከል እንኳ እጅግ መለያየታቸው ከዚህ የመጣ ይመስለናል። አንዳንዶች ነገሩን ጦርነት ይሉታል፤ ቃሉ ግን በዝቶብናል፤ ሴቲቱ ከጠፋች ወንዱም ዘር የለውም።

ጉዳዩ ከጠርሙሱ ውጭም ይደርሳል። አኖፌሌስ ጋምቢዬ የተባለው የወባ ቢምቢ ወንድ፥ ፈሳሹን በአንድ ኢንዛይም አርግቶ በሴቲቱ ውስጥ እንደ ውታፍ ይተወዋል። በ2009 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው ይኸ ኢንዛይም ሲደክም ውታፉ አይበጅም፤ ሴቲቱም ዘሩን በማከማቻዋ እንደሚገባ ማኖር አትችልም። አብዛኞቹ ሴቶች በዕድሜያቸው የሚገናኙት አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ፥ ያ አንዱ ጊዜ ከከሸፈ እንቁላላቸው ሳይፈለፈል ይቀራል። በአገራችን ወባን በይበልጥ የሚያስተላልፈው አኖፌሌስ አራቢየንሲስ የዚህ ቢምቢ የቅርብ ዘመድ ነው።