ታቦቱና መሬቱ፦ ስለ ሞጣና ቢቸና አገር አመሠራረት የሚነገረውና መዝገቡ የሚያሳየው

ስለ ምሥራቅ ጎጃም የቆዩ ከተሞች ሲነሳ የሚነገረው ታሪክ በየቦታው ተቀራራቢ ነው። እመቤቲቱ ወይም መስፍኑ ታቦት አስገቡ፣ ካህናት ሰፈሩ፣ ምእመኑ በደብሩ ዙሪያ ተሰበሰበ፣ ከተማው ቀና፤ ገበሬውም ከቅድመ አያቱ በወረሰው ርስት ላይ የማንም ጭሰኛ ሳይሆን ኖረ ይባላል። በዚህ ትረካ ውስጥ እውነት አለ። ሞጣ ጊዮርጊስን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተከሉት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው፤ ልጃቸው ራስ ኃይሉ ዮሴዴቅም በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ጎጃምን ገዝተዋል። ነገር ግን ትረካው ታቦቱ እንዴት እንደገባ በዝርዝር እየተናገረ፣ መሬቱ እንዴት እንደተከፈለ ሳይነካ ያልፋል። የሞጣን ከተማ ያቆመው ታቦቱ ብቻ ሳይሆን ይህ የመሬት ክፍፍል ጭምር ነው።

አንድ ትልቅ ደብር ቀዳሽ፣ ዲያቆን፣ ደብተራና መሪጌታ ይፈልጋል፤ እነዚህ ሁሉ የሚበሉት ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ደብር ሲተከል መሬት ይመደብለታል፤ መሬቱም ለአገልጋዮቹ በድርሻ ይታደላል። በጎንደር ዘመን ይህ ይዞታ ሪም ይባል ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ እንዲህ ያሉ የመሬት መዝገቦችን ለብዙ ዓመታት መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ሪም ለልጅ ይወረሳል፣ በገንዘብም ይሸጣል። ግብይቱ ምስክር ተቆጥሮለት በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ላይ ይመዘገብ ነበር። ከባለ ድርሻዎቹ መካከል ቀድሰው የማያውቁ መኳንንትና ወይዛዝርት ይገኛሉ፤ አገልግሎቱን የሚሸፍን ካህን እስካቆሙ ድረስ መሬቱ የእነሱ ነው። ሴቶች በስማቸው መሬት መያዛቸው፣ መሸጣቸውና ተሟግተው ማስከበራቸው የዚህ ታሪክ ብሩህ ገጽ ነው፤ በሚገባው መጠን ሲነገር ግን አይሰማም። ለጸሎት ብቻ የተሰጠ መሬት ቢሆን ኖሮ ከእጅ ወደ እጅ እንዲህ ሊገበያይ ባልቻለ ነበር።

መሬቱ ጠፍ ነበር የሚለው እምነትም አይጸናም። ምሥራቅ ጎጃም ከሞጣ ጊዮርጊስ በፊት ለዘመናት የታረሰ አገር ነው፤ ከቢቸና ብዙም የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ ራሱ ከሞጣ በመቶዎች ዓመታት ይቀድማል። ለአዲሱ ደብር የተመደበው መሬት ሰው የሚኖርበትና የሚያርሰው ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ሀብታሙ መንግሥቴ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ያለውን የምሥራቅ ጎጃም የመሬት ሥሪት ባጠናበት ሥራው፣ ከጌታውና ከባለ ርስቱ ገበሬ ሌላ ሦስተኛ ወገን መኖሩን አጉልቶ አሳይቷል። ይህ ወገን ዜጋ ይባል ነበር። የዛሬውን ትርጉም ትተን በያኔው ስንወስደው፣ የራሱ ርስት የሌለው፣ በጌታ ይዞታ ላይ ተቀምጦ በጉልበቱ የሚያገለግል ሰው ማለት ነው። ጭሰኝነት የደቡብ እንጂ የጎጃም ታሪክ አይደለም የሚለውን የተለመደ አባባል ይህ ማስረጃ ብቻውን ይፈትነዋል።

ከመሬቱ ሌላ ንግዱ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከእናርያና ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በየጁቤ አጠገብ ባለው በባሶ ገበያ ይራገፍ ነበር፤ ባሪያ ተደርገው የሚሸጡ ሰዎችም አብረው ይነዱ ነበር። ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጎጃም የተቀመጠው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ይህን ገበያ በዝርዝር ጽፎታል። ወደ ጎንደር ከሚወጡት መንገዶች አንዱ በሞጣ በኩል አልፎ፣ በፋሲለደስ ዘመን እንደተሠራ በሚነገረው ሰባራ ድልድይ ዓባይን ተሻግሮ በጌምድር ይገባል። ደብሩ የተተከለው እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ነው፤ ቦታው ለጸሎት ተስማሚ ስለሆነ ብቻ ተመረጠ ማለት ይከብደኛል።

አሜሪካኖችም ስለ መነሻቸው ተመሳሳይ ነገር ሲያወሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1620 ሜይፍላወር የተባለችው መርከብ 102 ተሳፋሪዎችን ይዛ የተሻገረችው ለእምነት ነጻነት ብቻ ነው ይባላል። ጉዞውን በገንዘብ የደገፉት ግን ትርፍ የሚጠብቁ የለንደን ነጋዴዎች ነበሩ፤ ሰፋሪዎቹም ዕዳቸውን ሲከፍሉ የኖሩት በዋናነት ከነባሩ ሕዝብ እየገዙ በሚልኩት የቢቨር ቆዳ ነው። በቨርጂኒያም እ.ኤ.አ. ከ1618 ጀምሮ አንድን ሰፋሪ ከፍሎ ላሻገረ ሰው 50 ኤከር፣ ማለትም 20 ሄክታር ገደማ መሬት ይሰጠው ነበር። እዚያም መሬቱ ባዶ አልነበረም፤ እዚያም የሚሠራ ጉልበት ከሌለ መሬቱ ዋጋ አልነበረውም። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። በጎጃም ጌታውና ገባሩ አንድ ቋንቋ ተናገሩ፣ በአንድ ደጀ ሰላም ቆሙ፣ ነባሩ ገበሬም ከአገሩ አልተነቀለም። የሁለቱ ታሪክ የሚገናኘው ስለ መነሻ ሲወራ እምነቱ ፊት ወጥቶ መሬቱና ጉልበቱ ወደ ኋላ በመቅረቱ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ማለት ሃይማኖቱን ማቃለል ነው የሚል ይኖራል። አይደለም። ወለተ እስራኤል ከልባቸው አምነው ደብር ተክለዋል ብዬ አምናለሁ። በሞጣና በዲማ የተማሩት ሊቃውንት፣ የተገለበጡት ብራናዎች፣ የተቀኙት ቅኔዎች እውነተኛ ሀብት ናቸው። ያን ሁሉ የመገበው ግን የአራሹ እህል ነው፤ አራሹን ከታሪኩ ማውጣት ለደብሩም ክብር አይጨምርለትም።

ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፣ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ ይወሰዳል በሚል ስጋት የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ ተነሳ፤ መንግሥት አውሮፕላን ጭምር ልኮ ደበደበው፣ በመጨረሻም አገረ ገዢውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን አነሳ፣ የቆየውንም ግብር ማረ። ርስት ያልነበረው ሕዝብ እንዲህ ሊሞትለት ይችላል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ብዙው ገበሬ ርስት ነበረው፤ እኔም ይህን አልክድም። ያ ዓመፅ የሚመሰክረው ግን ርስት ምን ያህል ውድ እንደነበረ ነው፤ ለሁሉም መድረሱን አያሳይም። እንዲያውም ርስት ማጣት እንዲያ የሚያስፈራው፣ የሌለው ሰው ኑሮ ምን እንደሚመስል እያንዳንዱ ባለ ርስት በጎረቤቱ ስለሚያየው ይመስለኛል። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ፋቂው መንደር ውስጥ እየኖሩ ከርስት ክፍፍል ውጭ ነበሩ። የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በራሱ ጉልበት ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ማንኛውም ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ እስከ 10 ሄክታር መሬት ማግኘት እንደሚችል ሲደነግግ የማንንም የዘር ሐረግ አልጠየቀም።