ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘጎጃም
ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘውድ ከመጫናቸው በፊት የሚጠሩት አዳል ተሰማ ተብለው ነበር። አባታቸው ደጃዝማች ተሰማ ጎሹ፣ አያታቸው ደግሞ በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ከካሳ ኃይሉ (በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ) ጋር ተዋግተው የወደቁት ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ናቸው። ቤቱ የገዥ ቤት ቢሆንም ሥልጣኑ ለአዳል በቀላሉ አልመጣም፤ ከባላንጣቸው ከደስታ ተድላ ጋር ብዙ ከተፋለሙ በኋላ ነው ጎጃምን የጠቀለሉት። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም አሸናፊውን ተቀብለው ራስ አሏቸው። መቀመጫቸው ቀድሞ መንቆረር ይባል የነበረው ደብረ ማርቆስ ሆነ።

በጥር 1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ራስ አዳልን የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው ሾሟቸው፤ ስማቸውም ተክለ ሃይማኖት ተባለ። ከፋ በዚያን ጊዜ የራሱ ንጉሥ የነበረው አገር ስለሆነ፣ የሹመቱ ግማሽ ዘምቶ የሚገኝ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ያደረጉት ያለ ምክንያት አይደለም። የሸዋው ምኒልክ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ እየሰፉ ስለነበር፣ ከአባይ ማዶ ሌላ ንጉሥ መቆሙ ለዮሐንስ ይበጃቸዋል። ለጎጃምም ቢሆን የማዶው አገር እንግዳ አልነበረም። ወርቁ፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱና ቡናው፣ ባሪያውም ጭምር፣ አባይን ተሻግሮ ባሶ ገበያ ይወጣ ነበር፤ የማዶውን መንገድ የያዘ ቀረጡን ይዟል።

ንጉሡ የጦር አበጋዛቸውን ራስ ደርሶን ግብር እንዲያስገቡ ወደ ማዶ ላኩ። የምኒልኩ ራስ ጎበና ዳጬ ግን መንገድ ዘጉባቸው። ነገሩ ከጦር አበጋዞቹ አልፎ ወደ ሁለቱ ነገሥታት ደረሰ፤ በ1874 ዓ.ም. ሆሮ ጉዱሩ ውስጥ እምባቦ ላይ ገጠሙ። ጎጃም ተሸነፈ፤ ተክለ ሃይማኖትም ቆስለው ተማረኩ። ዐፄ ዮሐንስ መሐል ገብተው ሁለቱንም ቀጡ፤ ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ነሱ። በማዶው አገር ግን የበላይነቱ ከዚያ ወዲህ የምኒልክ ሆነ።

ቀጣዩ መከራ ከሱዳን በኩል መጣ። ተክለ ሃይማኖት በ1879 ዓ.ም. መተማ ወርደው መሐዲስቶችን መቱ። በዓመቱ፣ በጥር 1880 ዓ.ም.፣ የመሐዲስቶቹ አዛዥ አቡ አንጃ በደምቢያ ሳር ውሃ ላይ ሠራዊታቸውን ደመሰሰ፤ ጎንደርም ገብቶ አቃጠላት። ንጉሡ ዐፄ ዮሐንስ ስላልደረሱላቸው አዝነው ከምኒልክ ጋር መላላክ ጀመሩ። ዐፄ ዮሐንስ ወሬው ሲደርሳቸው ጎጃም ዘልቀው አገሩን አስዘረፉት። የከፋው ዕዳ የወደቀው በገበሬው ላይ ነው፤ ዘመኑ የክፉ ቀን ረሃብ የገባበት ነበርና።

በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዮሐንስ መተማ ላይ ሲወድቁ፣ ተክለ ሃይማኖት ንጉሠ ነገሥት ለሆኑት ለምኒልክ ገቡ፤ ዘውዳቸውም ጸናላቸው። በ1888 ዓ.ም. የጎጃምን ጦር ይዘው ዓድዋ ዘመቱ፤ የካቲት 23 ቀን የቀኙን ክንፍ ይዘው ተዋጉ። ብልህነታቸው እዚህ ላይ ይታያል፤ በጦር ሜዳ ካገኙት ይልቅ በወቅቱ በመታረቅ ያተረፉት ይበልጣል።

በቤተ መንግሥታቸው ካደጉት መካከል አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ይጠቀሳሉ። በልጅነታቸው ከአባይ ማዶ ተማርከው የመጡት እኒህ ሰው ሠዓሊና ጸሐፊ ሆነው የጎጃምን ታሪክ ጽፈዋል። ስለ ንጉሡ ዘመን ለሚያጠና ሰው ሥራቸው የማይታለፍ ነው።

የሹመታቸው ግማሽ የነበረውን ከፋን ተክለ ሃይማኖት በሹመት ስማቸው እንጂ በእጃቸው አላገኙትም፤ በ1890 ዓ.ም. መግቢያ የምኒልክ ሹም ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ያዙት። ንጉሡ በጥር 1893 ዓ.ም. ሲያርፉ ምኒልክ ጎጃምን ከፋፍለው ሾሙበት። ልጃቸው ራስ ኃይሉ በኋላ ግዛቱን ይዘው እስከ 1924 ዓ.ም. ቢገዙም፣ የአባታቸው የንጉሥነት ማዕረግ አልተሰጣቸውም።