ማየ ሕመት፡ የብራና መጻሕፍታችን ጥቁር ቀለም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በግእዝ የጽሕፈት ቀለም «ማየ ሕመት» ይባላል፤ የጥላሸት ውኃ ማለት ነው። ባሮክ ከነቢዩ ኤርምያስ አፍ የሰማውን በቀለም እንደ ጻፈ ቅዱስ መጽሐፍ ይመሰክራል (ኤር. 36፥18)። በጋሞ ዞን ብርብር ማርያምን በመሰሉ ጥንታውያን አድባራት የሚገኙት የብራና መጻሕፍት እስከ ዛሬ መነበባቸውም ያለዚህ ቀለም አይታሰብም።

ለአሠራሩ የሚያስፈልገው ነገር ከቤት አይጠፋም። ጥላሸቱ ከምጣድና ከድስት ሥር ይጠረጋል። ገብስ በጋሞ ደጋ ሞልቷል፤ የግራር ሙጫም ከስምጥ ሸለቆው ቆላ ይገኛል።

በመጀመሪያ ገብሱ እስኪከስል ድረስ ይቆላል። ከጥላሸቱ ጋር በሚገባ ይፈጭና በወንፊት ይነፋል። ከዚያም በውኃ ተለውሶ በሸክላ ዕቃ ይቀመጣል፤ ሊቃውንቱ በየጊዜው እያማሰሉ ለወራት ያቆዩታል። ለማያያዣ የሚሆነው ሙጫ አንድ እጁ በሁለት እጅ ሙቅ ውኃ ሟሙቶ፣ ተጠልሎ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል። ሙጫው ቢያንስ ጽሑፉ ሲደርቅ እጅን ያጠቁራል፤ ቢበዛ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ አስቀድሞ በቁራጭ ብራና ላይ በመቃ ብዕር መሞከር ይገባል። የተረፈው በፀሐይ ደርቆ ይቀመጣል፤ ሲፈለግም በውኃ ይበጠበጣል።

ጥላሸት ከሰል በመሆኑ ብርሃን አያደበዝዘውም፤ ብራናውንም አይበላም። በርካታ የፋብሪካ ቀለሞች ግን ፀሐይ ሲያገኛቸው ይገረጣሉ። ይሁን እንጂ ማየ ሕመት ወደ ብራናው ውስጥ ጠልቆ አይገባም፤ በላዩ ላይ ያርፋል እንጂ። ስለዚህ እርጥበት ጠላቱ ነው። መጽሐፍ በእርጥብ ጣት አይገለጥም፤ የደበዘዘ ፊደልም በአዲስ ቀለም አይደገምም፤ የቀድሞውን ጸሐፊ እጅ ያጠፋልና።

ተወዳጆች ሆይ፣ ዛሬ ቀለም በጠርሙስ ተገዝቶ ስለሚመጣ ይህን ጥበብ የሚጠይቅ ደቀ መዝሙር እያነሰ ነው። የሚያውቁት አባቶች ሲያርፉ ዕውቀቱም አብሯቸው ያልፋል። በአርባ ምንጭና በአካባቢዋ የምትገኙ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ ብራና የሚጽፉ አባቶችን ፈልጉ፤ ከእግራቸው ሥር ተቀምጣችሁ ጠይቁ፣ በእጃችሁም ሞክሩ። በሀገራችን መማር «ቀለም መቁጠር» ይባላል፤ ቀለሙን የሚቆጥር ትውልድ አዘገጃጀቱንም ሊያውቅ ይገባዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።