ሙዚየሞች በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያለውን እርጥበት እንዴት ይቆጣጠራሉ?

በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ በሙቀት ወራት ከቀዘቀዘ ቤት ወደ ውጭ የሚወጣ ሰው መነጽሩ ላይ ወዲያው ጤዛ ይቋጠራል። እ.ኤ.አ. በ2017 በሳዲያት ደሴት እንደተከፈተው ሉቭር አቡ ዳቢ ያሉ በባሕር አጠገብ የተሠሩ ሙዚየሞችም ቅርሶቻቸውን ከዚሁ አየር መጠበቅ ይኖርባቸዋል።

ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እርጥበቱ 70 በመቶ የሆነ አየር በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 28 ግራም ገደማ ውሃ ይይዛል። በ21 ዲግሪ ግን አየር ሊሸከም የሚችለው ከ18 ግራም ብዙም አይበልጥም። ስለሆነም የውጭው አየር ሳይደርቅ ገብቶ ቢቀዘቅዝ ትርፉ ውሃ ጤዛ ይሆናል። የማቀዝቀዣ መሣሪያዎች አየሩን አስቀድመው ያደርቁታል፤ ነገር ግን በር ሲከፈት፣ ጎብኚ ሲበዛ ወይም መሣሪያ ሲቆም የአዳራሹ አየር ይለዋወጣል። የመጨረሻው አጥር የመስታወት ሣጥኑ ነው።

እንጨት፣ የዝሆን ጥርስና ብራና እርጥበት ሲያገኙ ያብጣሉ፤ ሲደርቁ ይኮማተራሉ። ይህ ሲደጋገም እንጨቱ ይሰነጠቃል፣ ቀለሙም ይረግፋል። እርጥበቱ ከ65 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ ደግሞ ሻጋታ ሊበቅል ይችላል። በአንጻሩ ጨው የዘለቀው ጥንታዊ ብረት እንዳይዝግ እጅግ ደረቅ አየር ይሻል። ብራናና እንዲህ ያለ ብረት በአንድ ሣጥን የማይቀመጡት በዚህ ምክንያት ነው።

በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘው የትንሽ ከረጢት ፍሬ፣ ሲሊካ ጄል፣ በሙዚየምም ያገለግላል፤ ሥራው ግን ማድረቅ ብቻ አይደለም። ባለሙያዎች ጄሉን አስቀድመው ከተፈለገው መጠን፣ ለምሳሌ ከ50 በመቶ እርጥበት ጋር ያስማሙታል። ከዚያም በሣጥኑ ወለል ሥር በተሰወረ መሳቢያ ያኖሩታል። አየሩ ሲረጥብ ውሃ ይመጥጣል፤ ሲደርቅ መልሶ ይለቃል። ይህንንም ያለ ኤሌክትሪክ ያከናውናል። ሣጥኑ አየር የሚያስገባ ከሆነ ግን ጄሉ ቶሎ ይደክማል።

መብራትም ከሣጥኑ ውጭ ቢሆን ይመረጣል። በውስጥ ከሆነ ቀን አየሩን አሙቆ ያደርቀዋል፤ ማታ ሲጠፋ እርጥበቱ ይመለሳል፣ ቅርሱም በየዕለቱ ሲያብጥና ሲኮማተር ይኖራል።

በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በእንጨት ገበታ ተጠርዘው በቆዳ ማኅደር መቀመጣቸው የአየሩን ለውጥ ያዘገያል። የቆየ ፎቶግራፍ ወይም መጽሐፍ በቤቱ ያኖረ ሰውም ከማቀዝቀዣው ትንፋሽና ከሚረጥብ ግድግዳ ቢያርቀው፣ እርጥብ ሳለም በፕላስቲክ ባያሽገው ዕድሜውን ያረዝምለታል።