አበባ ጎመን በምጣድ፦ ቀላልና የተመጣጠነ የጾም ዋና ምግብ አዘገጃጀት

ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ብልባላና በዙሪያዋ ባሉ የላስታ ደጋማ ቀበሌዎች፣ በጾም ቀናት ማዕዱን የሚይዘው በአብዛኛው ሽሮ ወይም የምስር ወጥ ነው። አትክልት ሲገኝም ከወጡ ዳር በጥቂቱ የሚቀርብ ማባያ ሆኖ ይቀራል። ይህ መረጃ አበባ ጎመንን በቤት ውስጥ ባለ ምጣድ ጠብሶና ከምስር ጋር አቀናጅቶ አምስት አባላት ላሉት ቤተሰብ የሚበቃ ዋና ምግብ ማዘጋጀት እንዴት እንደሚቻል ያስረዳል። ለዝግጅቱ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ምጣድ፣ አክንባሎና እንጀራ ከተጋገረ በኋላ የሚተርፈው እሳት ይበቃል።

ጉዳዩ ትኩረት የሚሻበት ምክንያት

እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል 46 በመቶ ያህሉ የመቀንጨር ችግር ነበረባቸው። መቀንጨር ማለት ሕፃኑ ለዕድሜው ከሚጠበቀው ቁመት በታች መሆኑ ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ ከዘለቀ የተመጣጠነ ምግብ እጥረትና ከተደጋጋሚ ሕመም የሚመጣ ነው። ጉዳቱ በቁመት ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ የሕፃኑን የአእምሮ ዕድገትና የወደፊት የመማር አቅም ጭምር ይቀንሳል። ከብልባላ ቀጥሎ በምትገኘው በሰቆጣ ከተማ ስም የተሰየመው የሰቆጣ ቃል ኪዳን፣ በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ ነው።

አንድ ዓይነት አትክልት ብቻውን ይህን ችግር አይፈታም። ሆኖም በቤተሰቡ ማዕድ ላይ የሚቀርበው የምግብ ዓይነት በበዛ ቁጥር ሰውነት የሚያገኘው ንጥረ ነገር ይሟላል። ረቡዕና ዓርብን፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት፣ የፍልሰታን 15 ቀናትና ሌሎቹን አጽዋማት ለሚጾም ቤተሰብ፣ ከዓመቱ ብዙውን ጊዜ የሚሸፍነው የጾም ምግብ ስለሆነ ይህን ማዕድ ማበልጸግ ትልቅ ትርጉም አለው።

አበባ ጎመን የሚሰጠውና የሚጎድለው

አበባ ጎመን ከጥቅል ጎመን ጋር የአንድ ዝርያ ልዩ ልዩ ዓይነት ነው። የሚበላው ነጩ ክፍል ገና ያልፈነዳ የአበባ እምቡጥ ሲሆን፣ ለስላሳ ቅጠሉና ግንዱም ይበላሉ። ባልበሰለ 100 ግራም አበባ ጎመን ውስጥ 48 ሚሊ ግራም ያህል ቫይታሚን ሲ ይገኛል፤ ይህም ለአንድ አዋቂ በቀን ከሚመከረው 45 ሚሊ ግራም ጋር ተቀራራቢ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ለነፍሰ ጡር እናቶች እጅግ ጠቃሚ የሆነው ፎሌትና ለምግብ መፈጨት የሚረዳው አሰር አለው።

በሌላ በኩል አበባ ጎመን 92 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው። በ100 ግራም ውስጥ ያለው ኃይል 25 ኪሎ ካሎሪ፣ ፕሮቲኑም ከ2 ግራም አይበልጥም። በመሆኑም ብቻውን ቢቀርብ ሆድ ቢሞላም ቤተሰቡን አያቆምም። ዋና ምግብ የሚሆነው ከጥራጥሬ ጋር ሲቀናጅ ነው። 400 ግራም ደረቅ ምስር ከ90 ግራም በላይ ፕሮቲን ይሰጣል። በአበባ ጎመኑና በሎሚው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ደግሞ በምስርና በጤፍ ውስጥ የሚገኘው ብረት በሰውነት ውስጥ በተሻለ ሁኔታ እንዲመጠጥ ያግዛል። ሁለቱ በአንድ ማዕድ ሲቀርቡ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

መጥበስ ከመቀቀል የሚለይበት

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ስለዚህ በደጋ የሚቀቀል ምግብ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜና ተጨማሪ ማገዶ ይፈልጋል። በብዙ ውኃ የሚቀቀል አትክልት ከቫይታሚኑ ከፊሉን ወደ ውኃው ይለቃል፤ ውኃው ሲደፋም ቫይታሚኑ አብሮ ይደፋል።

በምጣድ መጥበስ በከፍታው ምክንያት እንዲህ አይገደብም። እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ወለል 200 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። አበባ ጎመኑ በዚህ ሙቀት ውኃውን አትንኖ ጠርዙ ቡናማ ይሆናል፤ ጣዕሙም ይጣፍጣል፤ ሲቀቀል የሚያወጣው ጠንካራ ሽታም ይቀንሳል። ሙቀቱ ከቫይታሚን ሲ ከፊሉን ማጥፋቱ ባይቀርም፣ የሚደፋ ውኃ ስለሌለ ብክነቱ ያንሳል፤ በመጨረሻ የሚጨመረው ሎሚም የጠፋውን በከፊል ይተካል።

ለአምስት ሰው የሚያስፈልጉ ነገሮች

• አንድ ትልቅ ራስ ወይም ሁለት መካከለኛ አበባ ጎመን (ከነቅጠሉ 1 ኪሎ ግራም ተኩል ገደማ)
• 400 ግራም ድፍን ምስር (ሁለት የውኃ ብርጭቆ ገደማ)
• 4 የሾርባ ማንኪያ የኑግ ወይም ሌላ የምግብ ዘይት
• 1 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርትና 4 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት
• 1 የሾርባ ማንኪያ በርበሬና ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ
• 1 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ አዮዲን ያለው ጨው
• 1 ሎሚ

አዘገጃጀት

1. ምስሩ ተለቅሞና ታጥቦ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ይጣዳል። ምርጥ ምድጃ ባለበት ቤት ከምድጃው ኋላ ባለው የድስት ማስቀመጫ ላይ በሚወጣው ትርፍ ሙቀት መቀቀል ስለሚቻል ለብቻው እሳት ማንደድ አያስፈልግም።

2. አበባ ጎመኑ በየእምቡጡ ተፈልቅቆ፣ ትንሽ ጨው በተጨመረበት ንጹሕ ውኃ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። ይህም በእምቡጡ ውስጥ የተደበቁ ትሎችን ያስወጣል። ከዚያም በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል። ከወንዝ የተቀዳ ውኃ ከሆነ ቀደም ሲል በውኃ ማከሚያ የታከመ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን ይኖርበታል።

3. የተለቀለቀው አበባ ጎመን በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ በደንብ ይደርቃል። ይህ ደረጃ ሊዘለል አይገባም፤ እርጥብ እንደሆነ ምጣድ ላይ ከወጣ በእንፋሎት ይበስላል እንጂ አይጠበስም። ከደረቀ በኋላ ሁሉም የጣት ውፍረት እንዲኖረው ተደርጎ ይቆረጣል፤ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና በእርዱ ይታሻል።

4. ለመጥበሻ የሚመረጠው ቆሎ የሚቆላበት ምጣድ ወይም ብረት ምጣድ ነው። የእንጀራ ምጣድ ዘይትና ቅመም ከጠጣ እንጀራው እየተጣበቀ ስለሚያስቸግር ለዚህ ሥራ ባይውል ይመረጣል። እንጀራው ተጋግሮ ሲያበቃ መጥበሻው ምጣድ በቀረው እሳት ላይ ተጥዶ በደንብ ይግላል።

5. አበባ ጎመኑ ሳይደራረብ በአንድ ረድፍ ይዘረጋል። ምጣዱ ጠባብ ከሆነ በሁለት ዙር ይጠበሳል። አክንባሎ ወይም ሰፊ ክዳን ተደፍቶበት 8 ደቂቃ ያህል ይቆያል። በዚህ ጊዜ የታመቀው ሙቀት ውስጡን ያለሰልሰዋል።

6. አክንባሎው ይነሣና፣ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ድረስ በየ4 እና በየ5 ደቂቃው እየተገላበጠ ይጠበሳል። ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ግንዱ በቢላ ጫፍ ሲወጋ በቀላሉ ካሳለፈ በስሏል።

7. እሳቱ ከተቀነሰ በኋላ የተከተፈው ነጭ ሽንኩርትና በርበሬው ተጨምረው ለ2 ደቂቃ ይታመሳሉ። ሁለቱም ቶሎ ስለሚያርሩ ቀድመው አይገቡም። ምስሩ ደግሞ በቀረው ዘይት ከተቁላላ ቀይ ሽንኩርት ጋር ይዋሐዳል።

8. ጨውና ሎሚ የሚጨመሩት ምግቡ ከእሳት ከወጣ በኋላ ነው። ጨው ቀድሞ ከገባ ከአትክልቱ ውኃ አውጥቶ እንዳይጠበስ ያደርገዋል፤ አዮዲኑም በሙቀት ይባክናል።

ምስሩ በእንጀራ ወይም በቂጣ ላይ ቀርቦ፣ የተጠበሰው አበባ ጎመን ከላይ ይደረግበታል። ለስላሳው ቅጠል እንደ ማንኛውም ጎመን ተከትፎ ሊሠራ ይችላል። ምስር ባይገኝ ባቄላ፣ ሽምብራ ወይም ሽሮ ይተካዋል። ምግቡ በተሠራበት ቀን ቢበላ ይመረጣል።

የኤሌክትሪክ ኦቨን ያላቸው ነዋሪዎች በ220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ በመጋገር ተመሳሳይ ውጤት ያገኛሉ።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

አዮዲን ያለው ጨው፦ በጎመን ዘር አትክልቶች ውስጥ የእንቅርት ዕጢ አዮዲንን እንዳይጠቀም የሚያደናቅፉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ማብሰል አብዛኛውን ይቀንሳቸዋል፤ በልክ መመገብም ለጤናማ ሰው ጉዳት የለውም። ነገር ግን የደጋ አፈር ብዙውን ጊዜ አዮዲን ስለሚያንሰው ቤተሰቡ ዘወትር አዮዲን ያለው ጨው መጠቀም ይኖርበታል። ጨው ከፀሐይ፣ ከእሳትና ከእርጥበት ርቆ በተከደነ ዕቃ ይቀመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ የሚመክረው የጨው መጠን በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ነው።

ቡናና ሻይ፦ ሁለቱም ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ተከታትለው ሲጠጡ የብረት መመጠጥን ይቀንሳሉ። በተለይ ነፍሰ ጡር እናቶች ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ቢጠጡ ይመከራል።

ሕፃናት፦ ዕድሜያቸው ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ለሆኑ ሕፃናት በርበሬ ሳይጨመር አበባ ጎመኑና ምስሩ በደንብ ደቅቀው፣ ከጡት ወተት በተጨማሪ ይሰጣሉ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከ7 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት የመጾም ግዴታ የለባቸውም። በመሆኑም ቤተሰቡ በሚጾምበት ቀን ጭምር እንቁላልና ወተት ሊያገኙ ይገባል። ይህ የጾም ምግብ ለሕፃን ተጨማሪ እንጂ የእንቁላልና የወተት ምትክ አይደለም።

አበባ ጎመን በገበያ ሲታጣ

አበባ ጎመን እንደ ጥቅል ጎመን በየገበያው የሚገኝ አትክልት አይደለም። በታጣ ጊዜ ጥቅል ጎመን በውፍረቱ ተሰንጥቆ፣ እንዲሁም ካሮት፣ ድንችና ዱባ በዚሁ ዘዴ ሊጠበሱ ይችላሉ። ዋናው ነገር ማድረቅ፣ ሳይደራረቡ መዘርጋት፣ ጨውን በመጨረሻ መጨመርና ከጥራጥሬ ጋር ማቅረብ ነው።

የመስኖ ውኃ ያለው ቤተሰብ በጓሮው ሊያለማው ይችላል። አበባ ጎመን ቀዝቀዝ ያለ አየር የሚወድ ሲሆን፣ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያለው ሙቀት ይስማማዋል። ችግኙ በመደብ ላይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ተራርቆ ይተከላል። እንደ ዝርያው ዓይነት ከ2 እስከ 3 ወር ውስጥ ይደርሳል። በኅዳር የተተከለው በዐቢይ ጾም ዋዜማ ወይም በጾሙ ወራት ለምግብ ሊደርስ ይችላል፤ ውርጭ በሚያይልበት ቦታ ግን የተከላው ወቅት ከባለሙያ ጋር ተመካክሮ መወሰን ይኖርበታል። ራሱ የእንቁላል ያህል ሲሆን የራሱ ቅጠሎች ከላይ ከታሰሩበት ፀሐይ ሳያጠቁረው ነጭ እንደሆነ ያድጋል። እምቡጡ ሳይበታተን ጥቅጥቅ እንዳለ ይቆረጣል። ጎመን በነበረበት መደብ ላይ ደግሞ ጎመን አለመትከል ተባይና በሽታን ይቀንሳል። ፀረ ተባይ የተረጨ ከሆነ በመያዣው ላይ የተጻፈው የመቆያ ጊዜ ሳያልፍ ለምግብ አይውልም።

ምክርና አገልግሎት የሚገኝበት

ስለ ምግብ አዘገጃጀትና ስለ ሕፃናት አመጋገብ በቀበሌው ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛን ማማከር ይቻላል። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር የሆኑ ሕፃናት የክንድ ልኬት የሚደረግላቸው በዚያው ሲሆን፣ ልኬቱ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ሕፃኑ ክትትል ያስፈልገዋል፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ደግሞ ሳይዘገይ ሕክምና ሊያገኝ ይገባል። ሰውነቱ ያበጠ፣ የከሳ ወይም ምግብ አልቀበል ያለ ሕፃን የቀጠሮ ቀን ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

ስለ ዘር፣ ስለ ተከላ ወቅትና ስለ ተባይ መከላከል የቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ ምክር ይሰጣል። በስልክ መረጃ ለሚፈልጉ አርሶ አደሮችም 8028 ያለ ክፍያ የሚደወልበት የግብርና መረጃ መስመር ነው።