ዊንዶውስ ከተቀየረ በኋላ የፎቶ ተምብኔል ሲጠፋ

ተምብኔል የሚባለው ፎልደር ሲከፈት እያንዳንዱ ፎቶ በትንሹ የሚታይበት ምስል ነው። የኮምፒውተሩ ዊንዶውስ ወደ አዲስ ሲቀየር ይህ ትንሽ ምስል ይጠፋና ፎቶዎቹ በሙሉ አንድ ዓይነት አይከን ብቻ ይዘው የሚታዩበት ጊዜ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ፎቶዎቹ አልተነኩም፤ የተበላሸው ማሳያው ነው። ስለዚህ ፎርማት ማድረግ የመጀመሪያው ሳይሆን የመጨረሻው አማራጭ መሆን አለበት።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ኮምፒውተሮች ወደ ዊንዶውስ 11 በተሻገሩ ቁጥር ችግሩ ደጋግሞ ይነሳል። በተለይ የሚጎዳው እንደ ዋጃና ቆቦ ባሉ ከተሞች የሚሠራ ፎቶ ቤት ነው። የጥር ሰርግ፣ የነሐሴ ሶለል በዓልና የዓመቱ ጉርድ ፎቶ ሁሉ በአንድ ሃርድ ዲስክ ይከማቻል፤ ካሜራው ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ስም ግን ሦስት ወይም አራት ፊደልና ተራ ቁጥር ነው። ደንበኛው “ከእህቴ ጋር የተነሳሁትን አጥበህ ስጠኝ” ብሎ ሲመጣ ፎቶው የሚፈለገው በመልኩ እንጂ በስሙ አይደለም። ተምብኔል ከሌለ ፋይሎቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ ማየት ግድ ይሆናል።

ተምብኔል እንዴት ይሠራል?

ፎልደሩ መጀመሪያ ሲከፈት ዊንዶውስ እያንዳንዱን ፎቶ አንብቦ ትንሽ ቅጂ ይሠራና ለብቻ ያስቀምጣል። በሚቀጥለው ጊዜ የሚያሳየው ይህንኑ ያስቀመጠውን ቅጂ ነው። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ቅጂው የሚቀመጠው እዚያው ፎልደር ውስጥ፣ ተምብስ ዲቢ በሚባል የተደበቀ ፋይል ነበር። ይህ ፋይል በአሮጌ ፍላሾች ላይ ዛሬም ይገኛል፤ ቫይረስ አይደለም፣ ቢጠፋም ፎቶ አይነካም። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ግን ቅጂዎቹ በሲ ድራይቭ ላይ፣ በየተጠቃሚው አካውንት ሥር በአንድ ቦታ ይከማቻሉ። ማከማቻው ተምብኔል ካሽ ይባላል።

እንግዲህ ፎቶ በተምብኔል እንዲታይ ሦስት ነገር መሟላት አለበት፦ ቅንብሩ መፍቀድ አለበት፣ ካሹ ጤነኛ መሆን አለበት፣ ዊንዶውሱም የፎቶውን ዓይነት ማንበብ መቻል አለበት። ዊንዶውስ ሲቀየር ከሦስቱ አንዱ ሊጓደል ይችላል። የትኛው እንደጎደለ የሚታወቀው በቀላል ፈተና ነው።

የመጀመሪያው ፈተና

ከፎቶዎቹ አንዱ ሁለቴ ክሊክ ተደርጎ ይከፈታል። ደህና ከተከፈተ ጥፋቱ በብዛት የቅንብር ወይም የካሽ ነው። አንዳንዱ ዓይነት ተከፍቶ ሌላው ዓይነት እምቢ ካለ ችግሩ የማንበብ ነው። ምንም ፎቶ የማይከፈት ከሆነ፣ የፋይሉ መጠን ዜሮ የሚል ከሆነ ወይም በስሙ መጨረሻ የማይታወቅ ቅጥያ ከተጨመረበት ግን ነገሩ ከተምብኔል ውጭ ነው፤ የዲስክ ብልሽት ወይም ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ዲስኩ ላይ ምንም ነገር ሳይጽፉ ለባለሙያ ማሳየት ይገባል።

ቅንብሩን መፈተሽ

አንዳንዴ የተቀየረው የፎልደሩ አቀማመጥ ብቻ ነው። ሊስት፣ ዲቴይልስ እና ስሞል አይከንስ በሚባሉት አቀማመጦች ተምብኔል አይታይም። ኮንትሮል እና ሺፍት ተይዘው 2 ቁጥር ሲጫን አቀማመጡ ወደ ላርጅ አይከንስ ይለወጣል።

በዚህ ካልታየ በዊንዶውስ 11 የፎልደሩ መስኮት አናት ላይ ያሉት ሦስት ነጥቦች ተጭነው ኦፕሽንስ፣ ቀጥሎም ቪው ይከፈታል፤ በዊንዶውስ 10 ደግሞ ኦፕሽንስ የሚገኘው ቪው በሚለው ሥር ነው። እዚያ ከሚዘረዘሩት መካከል “ኦልዌይስ ሾው አይከንስ፣ ኔቨር ተምብኔይልስ” የሚለው ላይ የራይት ምልክት ካለ ይነሳና አፕላይ ይደረጋል።

ይህ ምልክት ማንም ሳይነካው የሚበራበት የታወቀ ምክንያት አለ። 4 ጊጋ ራም ብቻ ባለው ኮምፒውተር ላይ አዲስ ዊንዶውስ የሚጭን ባለሙያ ማሽኑ እንዲፈጥን ብሎ ፐርፎርማንስ ኦፕሽንስ ውስጥ “አድጀስት ፎር ቤስት ፐርፎርማንስ” የሚለውን ይመርጣል። ይህ ምርጫ ጥላውንና እንቅስቃሴውን ሲያጠፋ ተምብኔሉንም አብሮ ያጠፋል። ፍጥነቱን ሳያጡ ለማስተካከል እዚያው ዝርዝር ውስጥ “ሾው ተምብኔይልስ ኢንስቴድ ኦፍ አይከንስ” የሚለውን ብቻ መልሶ ማብራት ይበቃል። ይህኛውና ከላይ ያለው ምልክት የሚያዙት አንድን ቅንብር ስለሆነ አንዱ ሲስተካከል ሌላውም ይስተካከላል።

ካሹን ማጽዳት

ቅንብሩ ትክክል ሆኖ ከፊሉ ፎቶ ሲታይ ከፊሉ ካልታየ፣ ወይም የአንዱ ፎቶ መልክ በሌላው ላይ ከወጣ፣ ጥርጣሬው ወደ ካሹ ያመራል። ካሹ ቢጠፋ ጉዳት የለውም፤ ዊንዶውስ ከፎቶዎቹ እንደገና ይሠራዋል።

ስታርት ላይ ዲስክ ክሊንአፕ ተፈልጎ ይከፈትና ሲ ድራይቭ ይመረጣል። ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ተምብኔይልስ የሚለው ብቻ ተመርጦ የሌሎቹ ምልክት ይነሳል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ በአንዳንድ የዊንዶውስ 10 እትሞች ዳውንሎድስ ፎልደር ራሱ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ ሳይታይ ከተመረጠ በውስጡ ያለው ሁሉ ይሰረዛል። ጽዳቱ እንዳለቀ ኮምፒውተሩ ሪስታርት ይደረጋል።

ከዚያ በኋላ ትዕግሥት ይጠይቃል። በሺህ የሚቆጠሩ የሰርግ ፎቶዎች ያሉበት ፎልደር፣ በተለይ ዲስኩ ኤስኤስዲ ካልሆነ፣ ተምብኔሎቹን ሠርቶ እስኪጨርስ ጊዜ ይወስዳል። ዊንዶውሱ ከባዶ የተጫነ ወይም አዲስ አካውንት የተከፈተ ከሆነም ካሹ ባዶ ስለሚሆን መዘግየቱ የሚጠበቅ ነው። ሲ ድራይቭ ሞልቶ ከሆነ ግን ቅጂው የሚቀመጥበት ቦታ ስለማይኖር መጀመሪያ ቦታ ማስለቀቅ ያስፈልጋል።

ዊንዶውሱ የማያነበው የፎቶ ዓይነት

የማይታየው አንድ ዓይነት ፎቶ ብቻ ከሆነ የዓይነቱን ስም ማወቅ ይቀድማል። ቪው ውስጥ “ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ” ሲበራ በየፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ዓይነቱ ይነበባል። ጄፔግና ፒኤንጂ በማንኛውም ዊንዶውስ መታየት አለባቸው። ሌሎቹ ግን የየራሳቸው ጉዳይ አላቸው።

ከሁሉ የሚበዛው የአይፎን ፎቶ ነው። አፕል በ2017 እ.ኤ.አ. ካወጣው አይኦኤስ 11 ጀምሮ አዳዲሶቹ አይፎኖች ፎቶን በሄይክ ዓይነት ያስቀምጣሉ፤ ቦታ ይቆጥባል፣ ዊንዶውስ ግን እንዲያነበው ከማይክሮሶፍት ስቶር ሁለት ማሟያ ይፈልጋል። ሂፍ የሚባለው ነፃ ነው፤ ኤችኢቪሲ የሚባለው ደግሞ በ0.99 ዶላር ይሸጣል። በዶላር የሚከፍል ካርድ ለሌለው፣ ወይም ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ላለ ሰው የሚቀለው ከስልኩ መጀመር ነው። የአይፎኑ ሴቲንግስ ውስጥ ካሜራ፣ ከዚያ ፎርማትስ ተከፍቶ “ሞስት ኮምፓቲብል” ሲመረጥ ከዚያ በኋላ የሚነሳው ፎቶ ጄፔግ ይሆናል። ቀድሞ የተነሳውን ግን አይለውጠውም። ዘመድ ከውጭ በቴሌግራም የሚልከው ፎቶም በፋይል መልክ ከተላከ ሄይክ እንደሆነ ሊደርስ ይችላል፤ እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ ጄፔግ ሆኖ ይመጣል፣ ጥራቱ ግን ይቀንሳል።

የካኖንና የኒከን ካሜራዎች የሚያወጡት ጥሬ ፎቶ ደግሞ ሮው ኢሜጅ ኤክስቴንሽን የሚባለውን ነፃ ማሟያ ይፈልጋል። የፎቶሾፕ ፒኤስዲ ፋይልን ግን ዊንዶውስ በራሱ በተምብኔል አያሳይም። ከመቀየሩ በፊት ይታይ ከነበረ ያሳይ የነበረው ለብቻው የተጫነ ረዳት ፕሮግራም ስለሆነ እንደገና መጫን አለበት፤ ወይም ፋይሎቹን በአዶቢ ብሪጅ ማየት ይቻላል።

ቀለል ይል ዘንድ ብዙ ነገር የተቀነሰለት፣ “ላይት” እየተባለ በፍላሽ የሚዞር ዊንዶውስ ሌላው ጣጣ ነው። ብዙ ጊዜ ስቶሩም ፎቶስ የሚባለው አፕም ስለወጡለት ማሟያዎቹን የሚጭንበት መንገድ አይኖረውም። ለእንዲህ ያለው ያልተቀነሰ ዊንዶውስ መጫን ይሻላል።

ጄፔግ ራሱ የማይታይ ከሆነ ምናልባት ከአዲሱ ዊንዶውስ ጋር የማይስማማ የድሮ ፕሮግራም የፎቶ መክፈቻነቱን ይዞት ይሆናል። ፎቶው ላይ ራይት ክሊክ፣ ከዚያ ኦፕን ዊዝ፣ ከዚያ “ቹዝ አናዘር አፕ” ተብሎ ፎቶስ ይመረጥና ሁልጊዜ በእሱ እንዲከፈት ይደረጋል። ይህም ካልሠራ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተርነት ከፍቶ ሲስተም ፋይል ቼከርን ማስኬድ የተበላሹ የዊንዶውስ ፋይሎችን ይጠግናል።

ፎቶው ራሱ ከቦታው ሲታጣ

ዊንዶውስ 11 በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባበት ዴስክቶፕና ፒክቸርስ ፎልደሮችን ወደ ዋንድራይቭ ሊያዛውር ይችላል። የደመና ምልክት ያለበት ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ ሙሉ በሙሉ የለም፤ ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም። ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ራይት ክሊክ አድርጎ “ኦልዌይስ ኪፕ ኦን ዚስ ዲቫይስ” ማለት ፋይሉን ያወርደዋል።

ዊንዶውሱ ሲ ድራይቭ ሳይጠፋ በአሮጌው ላይ የተጫነ ከሆነ ደግሞ የድሮው ይዘት ዊንዶውስ ዶት ኦልድ በሚባል ፎልደር ውስጥ ይቆያል። ፎቶዎቹ በውስጡ ዩዘርስ በሚለው ሥር፣ በቀድሞው አካውንት ስም ይገኛሉ። ዊንዶውስ ይህን ፎልደር ከ10 ቀን በኋላ በራሱ ስለሚያጠፋው ፎቶዎቹ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሌላ ድራይቭ ኮፒ መደረግ አለባቸው።

ኡቡንቱ ለሚጠቀሙ

በኡቡንቱም ተመሳሳይ ነገር ያጋጥማል። ካሹ የሚገኘው በተጠቃሚው ሆም ፎልደር፣ ካሽ በሚባለው የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ነው። እዚያ ተምብኔይልስ ሥር ፌይል የሚባል ፎልደር አለ፤ ሊነበቡ ያልቻሉ ፎቶዎች የሚመዘገቡት በእሱ ነው። አንድ ጊዜ የተመዘገበ ፎቶ፣ የሚያነበው ፕሮግራም ቆይቶ ቢጫንም፣ ላይታይ ይችላል። ፌይል ፎልደሩን መሰረዝ እንደገና እንዲሞክር ያደርገዋል። በፋይልስ ፕሪፈረንስ ውስጥ ደግሞ ተምብኔል ለየትኞቹ ፋይሎች እንደሚታይ መወሰን ይቻላል።

ፎርማት ማድረግ ግድ የሚሆነው እነዚህ ሁሉ ተሞክረው ሳይሳካ ሲቀር ነው፤ ያኔም ፎቶዎቹ አስቀድመው ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ኮፒ ተደርገው፣ ከዚያው ከዲስኩ መከፈታቸው ከተረጋገጠ በኋላ መሆን አለበት። ተምብኔል ካሹን ኮፒ ማድረግ ግን አያስፈልግም።